ለግንደ ቆርቁር የሠራሁት ቤት

ትናንት ደብረ ማርቆስ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ጣውላና ሚስማር ይዘው መጡ። «ቲቸር፣ የወፍ ቤት ልንሠራ ነው፤ ቀዳዳው ምን ያህል ይሁን?» አሉኝ። «ለየትኛው ወፍ?» ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ግን አንድ ወፍ ትዝ አለኝ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ከጓሯችን አንድ የደረቀ ብሳና ቆሞ ነበር፤ ጥንድ ግንደ ቆርቁሮች ፈልፍለው ያድሩበታል። ሰው ሲበዛብኝ መጽሐፌን ይዤ የምጠጋው ወደ እነሱ ነበር። ለአያቴ ተዝካር ማገዶ ሲፈለግ አባባ መጥረቢያውን ስሎ ወጣ። ወፎቹን እንዲተውልኝ ልለምነው ተከትዬው ሄድኩ፤ ጎረቤቶች አብረውት ስለነበሩ አፈርኩና ተመለስኩ።

መስከረም ነበር። ወፎቹ አደይ በወረሰው ጓሮ ላይ ዛፉ የነበረበትን ቦታ ሲዞሩ ዋሉ። በአካባቢው ሌላ የደረቀ ዛፍ የለም፤ ያለው ሁሉ ለጋ ባህር ዛፍ ነው። ሳይሄዱብኝ ቤት ልሠራላቸው ተነሣሁ። ግንዱ ሳይፈለጥ የቀዳዳውን ስፋት በክር ለካሁ፤ ጥልቀቱ እስከ ክርኔ ነበር። ከዚያው ግንድ አንድ ቁራጭ ለሁለት ሰንጥቄ፣ ፈልፍዬ፣ በሽቦ መልሼ ገጠምኩት። ራሳቸው እየፈለፈሉ እንዲያወጡት ውስጡን ሰጋቱራ ጠቀጠቅሁበት። ግንደ ቆርቁር ራሱ ያልፈለፈለውን ቤት እንደማይወድ መምህራችን ነግረውን ነበር።

የአባባ ታላቅ ወንድም አያ ደሴ ንብ አርቢ ናቸው። ስሠራ ደረሱብኝ።

«ለዶሮ ነው?»

«ለግንደ ቆርቁር ነው፣ አያ ደሴ።»

«ለአናጢ ቤት ትሠሪያለሽ? አንቺ ልጅ፣ ንባቡ በዛብሽ።»

ሳቁብኝ፤ ግን ያዘኑልኝም መሰለኝ፣ ግንዱን ከእጄ ተቀበሉ። «ቆሻሻ ቤት ማን ይገባል?» ብለው ሰጋቱራውን አራገፉት። ስንጥቁን በእበት መረጉ። ከዚያ በወይራ ጭስ አጠኑት፣ ልክ ቀፎ እንደሚያዘጋጁት። አጠገባቸው ቆሜ ሁሉንም አያለሁ።

«አያ...» አልኩ።

«ወይ?»

«ምንም። እግዜር ይስጥልኝ።»

መሰላል ወጥተው ከጓሯችን ዳር ካለው ዋንዛ ላይ አሰሩልኝ።

በሦስተኛው ቀን ንብ ሰፈረበት። «እጅሽ ቀና ነው፤ እኔ ስንቱን ሰቅዬ ባዶውን ከርሟል» አሉኝ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው። በማግስቱ ጠዋት ከወፎቹ አንዷ መጣች። ከግንዱ ጎን ተለጥፋ ሁለቴ ቆረቆረች፤ ንቦቹ ግር ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ወፎቹን አላየኋቸውም። ኅዳር ላይ አያ ደሴ ማር በሣህን አመጡልኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኝ ስለነበር በላሁት።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ወፎች ብዙ አነበብኩ። የጎደለኝ ግን እውቀት አልነበረም።

ትናንት ለልጆቹ የግንደ ቆርቁርን ቤት ልክ ጻፍኩላቸው፤ ሰጋቱራውንም እንዳይረሱ ነገርኳቸው። ቤቱን የሚሰቅሉት ከግቢው ባህር ዛፍ ላይ ነው። እሱም ቢሆን በዚህ ዓመት ይቆረጣል ተብሏል።

«ቲቸር፣ ወፎቹ መቼ ይመጣሉ?» አለችኝ አንዷ።

የሚመጣ እንደሌለ አውቃለሁ። ጣውላውን አጥብቃ ይዛ ፊቴን ታያለች። ሚስማሩን ያዝኩላት።