ያልሞቀው ካውያ

አማቼን የዋሸኋቸው በአንድ ቃል ነው። ሽማግሌ ልኬ እሺ ከተባልኩ በኋላ ልተዋወቃቸው ደሴ ቤታቸው የገባሁ ዕለት፣ አሜሪካ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። አትላንታ መሀል ከተማ በሚገኝ ሆቴል ውስጥ መሰላል ተሸክሜ እየዞርኩ የተቃጠሉ አምፖሎች እቀይር ነበር። "ኤሌክትሪሺያን ነኝ" አልኳቸው። እሳቸው ልብስ ሰፊ ናቸውና የእጅ ባለሙያ በመሆኔ ደስ አላቸው። ልጄን ለባለሙያ ሰጠሁ እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ማውራታቸውን ቆይቼ ሰማሁ።

ተጋብተን ከተመለስኩ በኋላ የባለቤቴ የመግቢያ ወረቀት እስኪያልቅ ሁለት ዓመት ፈጀ። በዚያ መሀል አባቷ አረፉ። ክላርክስተን ወዳለችው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማዬ የገባች ዕለት ከሻንጣዋ መጀመሪያ ያወጣችው፣ በሁለት ፎጣ የጠቀለለችውን የአባቷን የኤሌክትሪክ ካውያ ነበር።

ለእሑድ ስቶን ማውንቴን ያሉ የወሎ ልጆች የሙሽራ ምሳ አዘጋጅተውልናል። ሸሚዝዎን የምተኩሰው በአባቴ ካውያ ነው አለችኝ። እርስዎ ነበር የምትለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ አንተ በይኝ ብዬ ብለምናት አፏ እሺ አላላትም። በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ መከበሩ ሆድ ያስብሰኝ ነበር።

የካውያው መሰኪያ እግር ክብ ስለሆነ ከግድግዳው ሶኬት ጋር የሚያገጥመው ማገናኛ ገዝቼ ሰካሁላት። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ለብ ከማለት አላለፈም። በጣቷ ነካ አድርጋ ወደኔ ዞረች። ኤሌክትሪሺያኑ እኔ ነኛ።

"የዚህ ሕንጻ ኃይል ሎው ነው፤ ቼክ አደርገዋለሁ" አልኳት ደረቴን ነፍቼ። ቀና ብላ አምፖሉን አየችው። ቦግ ብሎ በርቷል።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ የቤቱን ኮረንቲ የሚቆርጠውን ብሬከር አጥፍቼ የሳሎኑን ሶኬት በአዲስ ቀየርኩ። ካውያው ለብ አለ። አርብ የመኝታ ቤቱን ቀየርኩ። አሁንም ለብ። ቅዳሜ ደግሞ ኃይሉን እየተሻሙት ይሆናል ብዬ ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም ነቀልኩ። እሷ ከጎኔ ተንበርክካ ባትሪ ታበራልኛለች፤ ብሎን ሲወድቅብኝ ፈልጋ ታቀብለኛለች። ፈገግ ያለች ይመስለኝና ዞር ስል ፊቷ ላይ ምንም የለም። እኔ ውስጤ አሯል። ካውያውን ካላሞቅኩት ማን እንደሆንኩ ታውቃለች። ይቅርታ ልጠይቃቸው የማልችላቸውን ሰው እንደዋሸሁም ታውቃለች። አውቃስ ከውሸታም ጋር ምን ልትሠራ ትቀመጣለች? ብትሄድስ የት ትገባለች? እዚህ አገር ከኔ ሌላ የምታውቀው ሰው የላትም።

እሑድ ጠዋት የቀረኝ የብሬከሩ ሳጥን ነበር። ዋናው ብሬከር ቢጠፋ እንኳ እዚያ ውስጥ ኮረንቲ የማይለቀው ሽቦ እንዳለ የሆቴሉ እውነተኛው ኤሌክትሪሺያን ነግሮኛል፤ እሱ እኔን የሆቴሉ ሳጥን አጠገብ አያስደርሰኝም። መፍቻዬን ይዤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ሽፋኑን አነሳሁና እጄን ሰደድኩ።

"ተው" አለች።

ክንዴን ግጥም አድርጋ ይዛዋለች። "ተው፣ አትንካው። ቤቱ ምንም አልሆነም። ካውያው የሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው፤ የዚህ አገር ኮረንቲ ግማሹ ነው።"

ካውያውን አምጥታ ከእጀታው ሥር የተጻፈውን አሳየችኝ። ያወቀችው በመጀመሪያው ቀን ነው። ድሮ አባቷ ከአሜሪካ የተላከላቸውን ካውያ ደሴ ላይ ሰክተው፣ እዚያው በጭስ ሲያልቅ ቆማ አይታለች። ኤሌክትሪሺያን የሆነ ሰው ግድግዳ ከመፍታቱ በፊት ካውያውን ገልብጦ እንደሚያይ እሷም ታውቃለች።

ሽፋኑን መልሼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አምፖል ቀያሪ ነኝ፣ አባትሽን ዋሽቻቸዋለሁ አልኳት። አለቀስኩ ማለት ያሳፍረኛል፤ ግን አለቀስኩ። እያወቅሽ ይህን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልሽኝ ብዬ ጠየቅኳት።

"አንተው እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነበር" አለችኝ። "እንድትሞትብኝ ግን አልፈለግኩም።"

አንተ ማለቷን የሰማሁት ያኔ ነው። እሷ ልብ ያለችውም አይመስለኝም።

ምሳው ላይ በተጨማደደ ሸሚዝ ሄድኩ። ሙሽሪት አትተኩስልህም ወይ ብለው ሲስቁብኝ ታሪኩን ከነውሸቱ አወራሁላቸው። እሷ አንገቷን ደፍታ ስትስቅ፣ አባቷም የሰሙኝ መሰለኝና ቀለል አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔ አንተ ነኝ። አልፎ አልፎ ግን እንግዳ ፊት ወሬዬን ማጋነን ስጀምር፣ ከወጥ ቤት ኮቴዋን ሳታሰማ ብቅ ትልና "እርስዎ ደግሞ" ትለኛለች። እኔም ወደ እውነቱ እመለሳለሁ።