ከአምስቱ ሦስቱ

ወገቤን የለካችኝ የጤና መኮንን በዕድሜ ከእኔ በጣም ታንሳለች። ልብስ ሰፊዎች የሚይዙትን ዓይነት ሜትር በሆዴ ላይ አዙራ፣ "ይተንፍሱ እትዬ፣ ሆድዎን አያስገቡት" አለችኝ። ሆዴን ማስገባቴን እኔ ራሴ አላወቅሁም ነበር። ቁጥሩን ጻፈችና ሜትሩን ጠቀለለች።

ላሊበላ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አርባ አምስት ዓመቴ ነው። ያን ዕለት የጤና ባለሙያዎች ቢሯችን ድረስ መጥተው ሠራተኛውን በሙሉ ይመረምሩ ነበር። የተሰለፍኩት አሞኝ ሳይሆን ሰው ሁሉ ስለተሰለፈ ነው። ምንም ሳንቀምስ እንድንመጣ ስለታዘዝን ርቦኛል፤ ደም ሲቀዱኝ እንኳ የማስበው ስለ ሻይና ዳቦ ነበር።

በሳምንቱ ያቺው ልጅ ውጤቴን ልትነግረኝ ጤና ጣቢያ አስጠራችኝ።

"የምናያቸው አምስት ነገሮች አሉ" አለች። "የወገብ ስፋት፣ የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ በደም ውስጥ ያለ ስብ፣ አምስተኛው ደግሞ ጥሩው ኮሌስትሮል የሚባለው ማነስ ነው። ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ከተገኙ ሜታቦሊክ ሲንድረም እንለዋለን። እርስዎ ግፊትዎ ደህና ነው። ወገብዎ ግን ሰፍቷል፣ ስኳርዎም ስቡም ከፍ ብለዋል።"

"ስኳር በሽታ ይዞኛል ማለት ነው?"

"የለም፣ ገና እዚያ አልደረሰም።"

"ልቤ ነው?"

"ልብዎም ደህና ነው። ግን በዚሁ ከቀጠለ ስኳር በሽታም፣ የልብ ሕመምም፣ ስትሮክም ሊያመጣ ይችላል።"

"ታዲያ አሁን በሽተኛ ነኝ ወይስ ጤነኛ?"

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "መሐል ላይ ነዎት" አለችኝ።

ይህን "መሐል" ይዤ ወጣሁ። ባጃጅ ልጠራ እጄን ካነሣሁ በኋላ መልሼ አወረድኩት። ቤቴ ያለው ዳገቱ ላይ ነው። በእግሬ ጀመርኩና ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሼ አጥሮኝ የሰው አጥር ሥር ቁጭ አልኩ። እዚያ ተቀምጬ ማንን መጠየቅ እንዳለብኝ እንኳ ጠፋኝ። ለባሌ "ስኳርሽ ከፍ ብሏል ተባልኩ" ብነግረው ይደነግጣል፤ "ግን አልታመምኩም" ብነግረው ደግሞ ከናካቴው ይረሳዋል። የሚሆነውን ቃል አላገኘሁለትም።

ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ሰው ሁሉ በዚህ ሰውነቴ ሲያመሰግነኝ መኖሩ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከተማችን ተዘግታ መብራትም፣ ባንክም፣ ወፍጮም ባልነበረበት ወቅት በጣም ከስቼ ነበር። ቀለበቴ ከጣቴ እየወለቀ ቢያስቸግረኝ በክር ጠምጥሜበታለሁ። ያ ሲያልፍ ሁለተኛ አልራብም ብዬ ለራሴ ማልኩ። እንጀራውን ደራርቤ፣ ሻዩን በስኳር አወፍሬ ጠጣሁ። እየወፈርኩ ስሄድ ጎረቤቶቼ "ተመስገን፣ ፊትሽ ተመለሰ፣ አማረብሽ" ይሉኝ ነበር። እኔም እንደዳንኩ ነበር የቆጠርኩት። ያ መዳኔ ነው እንግዲህ አሁን በሜትር ተለክቶ በዛ የተባለው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ያሰብኩትን ሁሉ ተናገርኩ። "ጾመኛ ነኝ እኮ! ረቡዕ ዓርቡን አልስትም፣ ሁዳዴውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምቆየው። ቅባቱ በየት ገባ?"

"ዘጠኝ ሰዓት ሲሆንስ ምን ይበላሉ?"

ዘረዘርኩላት። ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ ድንች፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ከዚያ በላይ በሦስት ማንኪያ ስኳር የምጠጣው ሻይ። እየተናገርኩ ድምፄ እየቀነሰ ሄደ። እሷ አልሳቀችም። "ጾሙን ማንም አይነካብዎትም። ሻዩን ግን እስቲ በአንድ ማንኪያ ይሞክሩት፣ ምስሩንና ጎመኑን ያብዙ፣ በየቀኑም ይራመዱ" አለችኝ።

ያን ቀን ታላቅ እህቴ አብራኝ ነበረች። ብልባላ አጠገብ ካለው ያደግንበት መንደር ልትጠይቀኝ መጥታ ነው። ስትመጣ ሁሌም በእግሯ ነው፤ መኪና ያቅለሸልሸኛል ትላለች። ሙሉ ቀን ተጉዛ ስትደርስ እንኳ እንደ እኔ አታለከልክም። ሥጋ የሚባል ነገር የላትም፤ ስታርም ስታጭድም የኖረች ገበሬ ናት። ልጅቱ "ይራመዱ፣ ይቀንሱ" ስትለኝ በልቤ፣ ገባኝ፣ እንደ እታለም መኖር ነው እንግዲህ፣ አልኩ። በዚያች ሰዓት ብቻ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ።

ልጅቱ ወደ እሷ ዞረች። "እማማ፣ እርስዎም መጥተው ሳይለኩ አይሂዱ" ብላ የግፊቱን መለኪያ ክንዷ ላይ አሰረችላት። ለካች። ፈታችና ሌላኛው ክንዷ ላይ አሰረች። ከዚያ ጥቂት አሳርፋ ለሦስተኛ ጊዜ ለካቻት።

"እማማ፣ ራስዎን ያምዎታል?"

"አያመኝም የኔ ልጅ።"

"ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል።"

እህቴ ሳቀች። "ኧረ ወዲያ! ምን ሥጋ አለኝና? የሷን ለክተሽ ለኔ ጻፍሽው እንዴ?"

እኔ ግን አልሳቅሁም። ግፊቴ ደህና የተባልኩት ወፍራሟ እኔ ነኝ፤ ከፍ ያለባት ዳገት የማያደክማት እህቴ ናት። የጤና መኮንኗ ግፊት ቀጭኑንም እንደሚይዝ፣ ዕድሜም፣ ጨውም፣ ዘርም እንዳለበት አስረዳችን። ከዚያ "አባታችሁ በምን አረፉ?" ብላ ጠየቀች።

ተያየን። አባታችን በአውድማ ላይ ነው የወደቀው። ገብስ ሲያበራይ መንሹን እንደጨበጠ ተደፋ፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ፣ ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎት በሦስተኛው ቀን ሞተ። ምች መታው ተባለ። በቀትር ፀሐይ ለምን ወጣ እያልን ስንቆጭ ነው ዕድሜያችንን የጨረስነው። እናታችንማ ያን ቀን ምሳውን ቤት ጠርታ ብታበላው ኖሮ ይተርፍ ነበር ብላ ራሷን እየወቀሰች ነው የሞተችው።

ልጅቱ ይህን ሰምታ "በግፊት የሚመጣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል" አለች። ቀጥላም "ሳላያቸው እርግጠኛ መሆን አልችልም" አለች።

ስንመለስ ዳገቱ መሐል ላይ እህቴ ድንገት ቆመችና "ታዲያ ፀሐዩ አልነበረም ማለት ነው?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ እታለም።"

"እናታችን እኮ ራሷን ስትረግም ነው የኖረች።"

ነጠላዋን አስተካከለችና መንገዷን ቀጠለች።

እህቴ የታዘዘላትን የግፊት ኪኒን ለመጀመር እምቢ ብላ ነበር። "ሳያመኝ ምን ልዋጥ ነው?" ትላለች። በመጨረሻ ጀመረችው፤ ለራሷ ብላ ይሁን ለአባታችን ብላ እስካሁን አልጠየቅኋትም። እኔም ከቢሮ ወደ ቤት ባጃጅ መሳፈር ተውኩ፤ ሻዬን በአንድ ማንኪያ ጠጣሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሞቅ ያለ ውኃ የጠጣሁ ነበር የሚመስለኝ።

ከአራት ወር በኋላ ተለካሁ። ወገቤ ቀንሷል። ስቡም ወርዷል። ስኳሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። "ምን አጠፋሁ?" ብዬ ልጅቱን ጠየቅኋት።

"ምንም አላጠፉም። አንዳንዱ ሰው ላይ ይቆያል። እንቀጥል" አለችኝ።

ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ የሚያውቁኝ ሴቶች ፊቴን አይተው "ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?" ማለት ጀመሩ። "አይ፣ ተሽሎኝ ነው" እላቸዋለሁ። በጎሪጥ አይተውኝ ያልፋሉ፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

በፍልሰታ ጾም እህቴ ስልክ ደወለችልኝ። የንስሐ አባቷን ኪኒኑን በጾም ሰዓት ስለመዋጥ ጠይቃቸው "መድኃኒት ነው፣ ዋጭው" ብለዋታል። እሷ ግን አልተዋጠላትም።

"አንች ምን ትያለሽ?" አለችኝ።

"እሳቸው ካሉሽ ዋጭው እንጂ።"

"ውኃውስ? ኪኒኑን የምውጥበት ውኃ ጾም አይሽርም?"

"ስለ ውኃው አልጠየቅሻቸውም?"

"ረሳሁት" አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ኪኒኑ በጣቷ መሐል እንዳለ ነገረችኝ። ጣሳው ከእንስራው ጋር ሲጋጭ ተሰማኝ።

"ዋጥኩት" አለችኝ።