ከወንዙ የሚጀምር ወሬ

የውሃ ፓምፔ ጠዋት ጠዋት ደህና ይሠራ ነበር። ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ሞተሩ እየጮኸ ውሃው ይቋረጣል፤ ሆዱ ውስጥ የሞላሁት ውሃ ይጠፋና አየር ብቻ ይስባል። ክዳኑን ከፍቼ በጆግ እሞላዋለሁ፣ ጥቂት ይተፋልኝና መልሶ ይደርቃል። ቲማቲሜ ደግሞ አብቦ ነበር። በገዋኔ ሙቀት አበባው እጄ ላይ ሲረግፍ አልቅሻለሁ፤ አላፍርበትም።

ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ከወሎ ወደ ገዋኔ ተከትዬው መጥቼ ሻይ ቤት ከፈትኩ፤ ኋላም ጎረቤታችን የሆኑት አፋር ሽማግሌ ከቤታችን ጀርባ እስከ አዋሽ ዳር ያለውን መሬት እንዳለማ ፈቀዱልኝ። ባለቤቴን ግን እርሻው ገና ከጅምሩ አልጣመውም። ፓምፑ መቸገሩን ሲሰማ በስልክ እንዲህ አለኝ፦ «ስመለስ ካልሠራ እሸጠዋለሁ። አንቺም አርፈሽ ሻይሽን አፍዪ።» ንግግሩ እልህ አስያዘኝ።

ከአዋሽ ከተማ ባለሙያ አስመጣሁ። ካንዴላውን ቀየረ፣ ካርቡራተሩን አጠበ፣ ሞተሩን እንደ ሙሽራ አሳምሮልኝ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ውሃው እንደ ልማዱ ቀጥ አለ።

እኔም ፓምፑን በእርግጫ ልለው ስል ሽማግሌው ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡና ጥላው ሥር ተቀመጡ። አፋር ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ከየት እንደተነሳህ፣ መንገድ ላይ ምን እንዳየህና ምን እንደሰማህ በተራ ትናገራለህ፣ ሰሚው አያቋርጥህም። እኔ ግን ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ ፓምፑ ተበላሸብኝ ብዬ ጀመርኩ። ዱላቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ።

«እኔ ፓምፕ አላውቅም፣ ልጄ። ግን ከመሃል አትጀምሪ። ውሃው ከተነሳበት ንገሪኝ።»

ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ቲማቲሜ እየረገፈ ማን ተቀምጦ ያወራል? ግን መሬቱን የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸውና ተቀመጥኩ። ከወንዙ ጀመርኩ። ወንዙ ውስጥ ባለው የቱቦው ጫፍ ላይ ውሃው እንዳይመለስ የሚይዘው መዝጊያ ንጹሕ ነው፤ ሞልቼ ሳነሳው አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ከዚያ ቱቦው ዳገቱን ይወጣል። እዚያ ጋ ግመል ረግጦ ሰንጥቆት ነበርና ቆርጬ ቀጥዬዋለሁ፤ በመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክም በማለዳ እጄ እስኪላጥ አጥብቄ አስሬዋለሁ።

«ከዚያስ?» አሉ።

ከዚያማ ፀሐይ ወጣች ልል ስል ነገሩ በራልኝ።

እዚህ የመኪና መንገድ ዳር የምንኖር ሰዎች የጎማ ላስቲክ የማያድነው በሽታ ያለ አይመስለንም። ጭነት በሱ፣ አጥር በሱ፣ ጄሪካን በሱ ነው። እና ማን ይጠረጥረዋል? ፀሐይ ስታገኛቸው ቱቦውም ላስቲኩም ይለሰልሳሉ፣ ማሰሪያው ይላላል። ፓምፑ ስለሚስብ ደግሞ ውሃ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ነው በዝምታ የሚገባው። ለዚህ ነው ባለሙያውም እኔም ያላየነው።

ሮጬ ወርጄ መገጣጠሚያውን በእርጥብ ጭቃ ለሰንኩት። የፓምፑን ሆድ ሞልቼ ሞተሩን አስነሳሁ። ውሃው በዚያ በጠራራ ፀሐይ መጣ፣ አልቆመምም። በነጋታው ከገበያ የብረት ማሰሪያ ገዝቼ አጠበቅኩት፣ በላዩም ሳርና አፈር አለበስኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ሽማግሌው ውሃው ቦዩ መጨረሻ እስኪደርስ ተቀምጠው አዩና ፍየሎቻቸውን ይዘው ሄዱ።

ለባለቤቴ አልደወልኩም። መጥቶ በዓይኑ ይየው ብዬ ነው፤ እልኸኛ ነኝ። ግን ከጥቂት ቀን በኋላ እሱ ራሱ ጅቡቲ መንገድ ላይ ካለችው ዲቾቶ ደወለ። ሻይ ሲጠጣ አንድ የማያውቀው አፋር ከገዋኔ የመጣ ዳጉ ሲያወራ ሰምቶ ነበር፤ ባለሙያ ያቃተውን ፓምፕ ስለሠራች ባለሻይ ቤት ወሎዬ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለኝ።

«ከወንዙ ጀምረህ የሰማኸውን ንገረኝ» አልኩት።

ነገረኝ። መዝጊያውን፣ ግመሉን፣ ላስቲኩን፣ ጭቃውን፣ አንዱም ሳይጎድል። ሁሉንም አውቀዋለሁ፤ ግን ከሱ አፍ መስማት ፈልጌ ነበርና አላቋረጥኩትም።

«ቲማቲሙ ተረፈ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተርፏል» አልኩት። «ስትመጣ ከኔ ማሳ ትበላለህ።»