የስድስተኛው ፎቅ ልዕልት

ሰፈሩ «ልዕልት» ይላታል። ሹመት መስሏችሁ እንዳትቀኑባት! ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ስለማትወርድ ነው። የተረቷ ልዕልት ፀጉሯን በመስኮት ለቃ ሰው ታወጣለች አሉ፤ የኛዋ ያላት ገመድና ዘንቢል ነው። ሽንኩርቱም ዳቦውም በዘንቢል ይወጣል፣ ቆሻሻው በዘንቢል ይወርዳል።

እዚያ ያስቀመጣት ጠንቋይ አይደለም፤ የአማቷ ነገር ነው። እማማ ወገባቸው ከተሰበረ ወዲህ ደረጃ አይወርዱም፤ ሊፍቱም ከሞተ ሁለት ዓመቱ። ምድጃው ጋ ለመድረስ ግን ማን ብሏቸው! አእምሯቸው ከድቷቸዋል፤ አንድ ቀን ለአስር ደቂቃ ብቻቸውን ቢቀሩ መጋረጃውን አነደዱት። ባልየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቤቱን የሚያውቀው በስልክ ነው።

እንግዲህ ይቺ ልዕልት ነርስ ናት። ከአራት ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ቀጠራት። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ቀርባ ካልተመዘገበች ግን ቦታው ለተጠባባቂዋ ያልፋል። የባሏ ታላቅ እህት «እኔ እያለሁ!» ብላ፣ እማማን ልትጠብቅ ምላ ተገዝታ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ደወለች።

«የኔ ቆንጆ፣ ልጄን አተኮሰብኝ፤ ዛሬስ አልሆነልኝም።»

«እትዬ፣ በእናትሽ! ግማሽ ሰዓት ብቻ!»

ያውም እናትየዋ እዚሁ ተኝተዋል።

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ እህቴ?» ስልኩ ተዘጋ።

የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኳች፤ ሰው ሥራ ላይ ነው። ወደ መስኮቱ ሮጣ መታወቂያዋን፣ ዲፕሎማዋንና ፎቶዋን ለሕንፃው ዘበኛ በዘንቢል አወረደች።

«ጋሼ፣ በሞቴ ያድርሱልኝ!»

ዘበኛው ይዘው ሮጡ። ሲመለሱ ከታች አንገታቸውን አቀኑ።

«ልጄ፣ ወረቀቱስ ሙሉ ነው አሉ። የቀረው የጣት አሻራ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ከቢሮ አይወጣም።»

ጣቷን አየችው። እሱን በዘንቢል አታወርደው ነገር!

እማማን አዝላ ልትወርድ ሞከረች። ሦስት ደረጃ ሳይወርዱ «ወገቤን! ገደለችኝ!» ብለው ጮኹ፤ መልሳ አስተኛቻቸው። ስድስት ሰዓት ሆነ። የጤና ጣቢያው በር ሲዘጋ በመስኮት አየች። ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

እማማ ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«ውይ፣ ስታሳዝን! የማን ልጅ ነሽ?»

«ምራትዎ ነኝ፣ እማማ።»

«ምን ሆነሽ ነው? መሄድ ፈልገሽ ነው?»

ራሷን ነቅንቃ «አዎ» አለች።

«ሂጂያ ታዲያ፣ ልጄ» አሉ እማማ። «ማን ያዘሽ?»