በሁለቱ ጎማዎች መካከል

የተያዝሁት መኪና ስሥል ነው። እንዲህ ሲነገር ያስቃል፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር። ወረታ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ በእርሳስ አንድ የጭነት መኪና እየሣልሁ ነበር። የሥዕል መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ መኪና ሣሉ ሲባሉ ጎማውን እንደ ሽምብራ አሳንሰው፣ መስኮቱን እንደ በር አስፍተው ያመጡልኛል። ቅጡን የጠበቀ ምሳሌ ላዘጋጅላቸው ብዬ ነው የወጣሁት። ሁለት ሰዎች መጡና ግራና ቀኜ ተቀመጡ። አንደኛው ወረቀቱን አንሥቶ ብዙ አየው።

«ልክክ አድርገህ ነው የሣልኸው» አለኝ።

አመሰገንሁት።

ሙገሳ እንዳልነበረ የገባኝ ጣቢያ ከደረስን በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን በመንገዱ የወታደር መኪና ይበዛ ነበርና፣ እኔ ቁጭ ብዬ ያንን የምመዘግብ መስሏቸዋል።

«ለማን ነው የምትሥለው?» አለኝ መርማሪው።

«ለተማሪዎቼ።»

«ለተማሪ ከሆነ ይኼን ያህል መጠንቀቅ ምን አስፈለገህ?»

ጎማውን ትንሽ አሳንሼው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያን ዕለት ቤቴ እገባ ነበር። ሲጨርስ ሥዕሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ዳግመኛ መኪና ስትሥል ብትገኝ የምታገኘው እኔን አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው» አለኝ። በትሕትና ነው የተናገረው። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ያስገቡን ከከተማው ዳር ያለ የሩዝ መጋዘን ውስጥ ነው። ሩዙ ወጥቷል፤ ገለባው ግን ማዕዘን ማዕዘኑን ይዞ ቀርቷል፤ ስንተነፍስ አፍንጫችን ይገባል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በሚስማሩ ቀዳዳ ብርሃን ይንጠባጠባል። ክረምት ስለነበር የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል፤ ዝናብ ሲበረታ ውኃው በበሩ ሥር እየሾለከ እግራችን ድረስ ይመጣል። ስለምንበዛ የምንተኛው በጎናችን ነው። አንዱ ሊገላበጥ ሲፈልግ «ዙሩ!» ይልና ረድፉ በሙሉ ይዞራል። በጀርባው የሚተኛ ሰው አልነበረም።

ከጎኔ የሚተኛው ሹፌር ነበር። ከወረታ አንበሳሜ የሚመላለስ ቅጥቅጥ ይነዳል። ቅጥቅጥ ማለት የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ እዚሁ አገር ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የሚሠራ አውቶቡስ ነው። የእሱ መኪና ግንባሯ ላይ «ቀስ በቀስ» የሚል ጽሑፍ አላት፤ የቀረውን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው «እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ መጨረስ አላስፈለገውም። አዝጋሚ ስለሆነች የአንበሳሜ ሰው መኪናዋን ራሷን «እንቁላል» ይላታል። «እንቁላል መጣች?» «እንቁላል ሞላች?» እየተባለ ነው የሚጠየቀው።

የያዙት ጉማራ ድልድይ ላይ ነው። የሚፈልጉት ከተሳፋሪዎቹ አንዱን ነበር፤ እሱንም አብረው ወሰዱት። ስልኩን ተቀበሉት። ስሙን ግን የጻፈ አልነበረም። የእሱን ዓይነት ሰው ፍለጋ በሩ ድረስ የሚመጣ ቤተሰብ «እዚህ የለም» ተብሎ ይመለሳል።

«መኪናዋ በሯ ተከፍቶ ድልድዩ ላይ ቆማለች፤ እኔ የለሁም፤ ጉማራ ሞልቷል» አለኝ አንድ ቀን። «አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?»

«ወንዝ ወሰደው እላለሁ።»

«እኮ! ለቅሶ ተቀምጠዋል ማለት ነው። አርባዬ ሲደርስ ደግሞ ወንድሜ የሚያርስበትን በሬ ያርዱታል። በቁሜ ተዝካሬን ሊበሉት ነው!»

ሳቀ። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሚስቱ ጠጉሯን ተላጭታ ማቅ ለብሳ ትታየው ነበር። አርባው እየቀረበ ነው፤ መኖሩን የሚነግርለት ሰው ግን የለም።

እኔ እህቴ ስንቅ ታመጣልኝ ነበር። በሩ ላይ ከዘበኛው ፊት ሁለት ሦስት ቃል እንድንነጋገር ይፈቀድልናል። ፊደል ያለበት ወረቀት ግን አይወጣም፤ የሌላ እስረኛ ስም መጥራትም አይቻልም። አንዱ ጠርቶ ጠያቂው ተከልክሎበታል። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም አፋችንን ይዘናል።

መላውን ያመጡት ከቁሐር ሚካኤል የመጡ ሽማግሌ ቄስ ናቸው።

«ፊደል ከለከሉ እንጂ ሥዕል መች ከለከሉ?» አሉ። «የኛ ሰው እንደሁ ፊደል ባይቆጥርም ሥዕል ያነባል። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ምን ሆነና! መኪናዋን ሣልለት፤ ሚስቱ አይታ ትወቅ።»

«አባ፣ እኔ እኮ የታሰርሁት በዚሁ ነው» አልኋቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። እምቢ ብትል አልቀየምህም።»

እንዲህ ከተባለ በኋላ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ፈርቼ ነበር። ቢሆንም ኮቴ ጠርዝ ውስጥ ሳትገኝ የቀረችውን የእርሳስ ቁራጭ አወጣሁና የሳሙና ካርቶን በውስጡ በኩል ዘርግቼ ተቀመጥሁ።

መኪና የሚለካው በራሱ ጎማ ነው። መጀመሪያ አንድ ጎማ ትሥላለህ፤ ቁመቱ ስንት ጎማ፣ ርዝመቱ ስንት ጎማ እያልህ ትቀጥላለህ። ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ጎማ ድረስ ሦስት ከምናምን ጎማ ተውሁ፤ ጣሪያውን ቀጥ አድርጌ አሰመርሁ። ያማረ አውቶቡስ ወጣኝ። ለሹፌሩ ሰጠሁት።

«ቆንጆ ነች» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «የሰው ነች።»

ተናደድሁ። በቅጥ ከመጡብኝ ትዕግሥት የለኝም። «ምኗ ነው የተሳሳተው?»

«እኔ ምን አውቄ! መሪዋን ነው የማውቀው። ከውስጥ እንጂ ከውጭ መች አያታለሁ?»

«እሺ፣ በሁለቱ ጎማዎቿ መካከል ስንት ጎማ ይገባል?»

«ጎማ እዚያ ምን ሊሠራ ይገባል? የምገባው እኔ ነኝ እንጂ!»

መጀመሪያ አልገባኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የአንበሳሜ ገበያ ቀን ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ ፀሐዩን ሽሽት ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ይተኛል። «እግሬ የኋላውን ጎማ ይረግጣል። እጄን ከራሴ በላይ ዘርግቼ ስንጠራራ በጣቴ የፊተኛውን እነካዋለሁ» አለኝ።

«በል እስቲ ተኛና አሳየኝ» አልሁት።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። የት ይተኛል? ሳቁ ሲያልቅ ቄሱ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። ጉልበታቸው ያማቸው ነበር፤ ለመነሣት ጊዜ ወሰደባቸው።

«ተነሡ እንጂ» አሉ። «ሰውየው ይተኛ።»

ተነሣን። እግሩ ያበጠውም፣ ወባ ያንቀጠቀጠውም ተነሣ። አንዱ የሌላውን እግር እየረገጠ፣ «ይቅርታ»፣ «ምንም አይደል» እየተባባልን ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። መካከሉ ክፍት ሆነ። የመጋዘኑን ወለል ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል። ሹፌሩ ሄዶ በጀርባው ተዘረጋ። ጫማዬን አውልቄ አንዱን ተረከዙ ሥር፣ አንዱን ከተዘረጋው ጣቱ ጫፍ አቆምሁለት።

ዐይኑን ጨፈነ። ደረቱ ከፍ ዝቅ አለ። መለካቱ ወዲያው ነው ያለቀው፤ ከአሮጌ ጋቢ የተመዘዘ ክር ይዤ ነበር። ግን ማንም «ተነሥ» አላለውም። በዚያ ጥበት ላይ ቆመን አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶ ሲያርፍ ስናይ ቆየን። ቄሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እኔ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

ራሱ ሲነሣ የጎማዋን ቁመት ጠየቅሁት። «እዚህ ድረስ» ብሎ የሱሪውን ኪስ አፍ አሳየኝ። በክሩ ሳስተያየው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ሁለት ጎማ ተኩል ብቻ ሆነ። ችግሩ እዚያ ነበር! ሻንሲዋ አጭር ነው፤ ቀጥቃጩ ደግሞ የመጨረሻ ረድፍ ወንበር ላትርፍ ብሎ ኋላዋን ስቦ አስረዝሞታል። ሲጫንባት ኋላዋ ዝቅ፣ አፍንጫዋ ቀና ይላል፤ እንደታቀፈች ዶሮ። በመጽሐፍ ቢሆን ቅጥ አምባሩ የጠፋ ሥራ ነው። የእሷ ቅጥ ግን እሱ ነው።

እንደገና ሣልሁት። ሹፌሩ ሲያየው ጣቱን በራሱ መስኮት ላይ አሳረፈና፣ «መጣሽ?» አላት።

«ቀስ በቀስ» የሚለው ግን ፊደል ስለሆነ አይወጣም። በቦታው፣ ግንባሯ ላይ፣ ሁለት ቀጫጭን እግር ያላት ትንሽ እንቁላል ሣልሁ። መጋዘኑ በሳቅ ደመቀ።

እህቴ የመጣች ቀን ካርቶኑን በግልጽ ይዤ በሩ ላይ ወጣሁ። መደበቅ የባሰ ነው። ዘበኛው ተቀብሎ ታርጋ ፈለገ፤ የለም። ፊደል ፈለገ፤ የለም።

«አሁንም መኪና?» አለኝ።

«የልጅ ነው። የገጠር አውቶቡስ ነው።»

«ይኼስ ምንድን ነው?»

«እንቁላል። ልጅ ይስቅበታል ብዬ ነው።»

ወደ መኪናው፣ ወደ እኔ፣ እንደገና ወደ መኪናው አየ። አውራ ጣቱን በምራቁ አረጠበና እንቁላሏን ፈተጋት። «ምልክት አይወጣም» አለ። ግንባሯ ላይ ግራጫ እድፍ ብቻ ቀረ። ካርቶኑን ግን ለእህቴ ወረወረላት።

«ለአንበሳሜዋ ልጅ ስጫት፤ መኪና ትወዳለች» አልኋት።

አንበሳሜ ዘመድ የለንም። እህቴ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። «እሷማ ስትጠይቀኝ ነው የከረመች» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ በውኃው ውስጥ ሄደች።

ለሹፌሩ እንቁላሏ መጥፋቷን ነገርሁት። «እንግዲህ መኪናዋ ራሷ ትናገር» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ በሬው አላነሣም፤ ምግቡንም እያሳነሰ መጣ። እኔ ደግሞ ባይኔ የሚመላለስብኝ ያ ሁለት ጎማ ተኩል ነበር። ክሩ ተስቦ ይሆን? ትንሽ አስፍቼው ይሆን?

አንድ ዓርብ ጠዋት ስንቄ ሲፈተሽ ዘበኛው ሲስቅ ሰማሁ። አገልግሉ ውስጥ ከሽሮው ጎን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ የተቀቀለ እንቁላል አለ።

«ዓርብ ቀን እንቁላል? እህትህ ሃይማኖት ቀየረች እንዴ?»

እኔም ግራ ገባኝ። እህቴ በጾም ቀን እንኳን እንቁላል ልታበላኝ፣ ስሙን አትጠራም። ይዤ ገብቼ ጨርቁን ስፈታ ሹፌሩ አየው። ቀስ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት።

«ሚስቴ ነች» አለ። «ረቡዕና ዓርብ ወተት የነካውን ዕቃ እንኳ አትነካም። ይኼ የሚበላ አይደለም። ቃል ነው። ደርሶኛል ማለቷ ነው።»

ቄሱ አማተቡ። «በሬው ተረፈ» አሉ። ያን ጊዜ ሳቅና ልቅሶው ተደባለቀ።

ያን ቀን የደረሰን ምግብ ጥቂት ነበር፤ ሁላችንም ርቦናል። እሱ ግን ጾሙን አልሻረም። እንቁላሉን ማዕዘኑ ላይ በሩዙ ገለባ ውስጥ አስቀመጠው። ቅዳሜ ጠዋት ልጦ፣ በዚያው በለካንበት ክር ሰነጣጠቀው። መጀመሪያ ለቄሱ፣ ቀጥሎ እግሩ ላበጠው፣ ቀጥሎ ወባ ለያዘው አደለ። ለሱ የቀረው ጣቱ ላይ የተጣበቀው አስኳል ነው።

ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ በሩ ላይ ቆመው «አለ» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ፤ «የለም» ብሎ መመለስ አስቸገረ። ስሙም ተጻፈ።

ስፈታ እህቴ የጎደለውን ነገረችኝ። ሥዕሉን ይዛ የሄደችው መናኸሪያ ነው። ለአንበሳሜ ተሳፋሪ የሚጠራውን ረዳት «ይቺን መኪና ታውቃታለህ?» ብላ አሳየችው። «ይቺማ እንቁላል ነች፤ ኋላዋን አታይም?» አለ፤ ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ። «ማን ሣላት?» አላት፤ መጋዘን የታሰረው ወንድሟ መሆኑን ነገረችው። ጥሪውን ትቶ በመጀመሪያው መኪና ወደ አንበሳሜ ተሳፈረ። በሚቀጥለው ዓርብ ማለዳ ራሷ ሚስቱ እህቴ ቤት ድረስ መጣች፤ ማቋን አውልቃለች። እንቁላሉን አውጥታ ስትሰጣት እህቴ «ዓርብ ነው እኮ» አለቻት። «ለመብላት አይደለም» አለቻት።

እንቁላል ዛሬም ትሠራለች፤ ኋላዋ የባሰ ወርዷል። ሹፌሩ ሲያየኝ ጡሩንባ ይነፋልኛል። እኔ ተመልሼ አስተምራለሁ። መንገድ ዳር ተቀምጬ ግን አልሥልም፤ እጄ እሺ አይለኝም፤ ያ ነገር እስካሁን አልለቀቀኝም።

ክፍል ውስጥ መኪና ስናነሣ ተማሪዎቼ ከጣሪያው ወይም ከመብራቱ መጀመር ይወዳሉ። አስቆማቸዋለሁ። ሁለቱን ጎማ አስቀምጡ፣ በመካከላቸው ያለውን አትሙሉት እላለሁ። «ምን ያህል እንተው፣ መምህር?» ይሉኛል።

«ሰው የሚተኛበትን ያህል» እላቸዋለሁ።