የአበባው ዳትሰንና ሰፋፊ ጎማዎቿ

አበባው የመርሳ ሰው ነው። ጉልበቱ ሳይደክም ከአሰብ ደሴ በተሳቢ ጭነት ያመላልስ ነበር። ከባዱን መኪና ካስረከበ በኋላ የቀረችው አንዲት ዳትሰን ኤስ ኤስ ኤስ ናት፤ በደርግ ጊዜ ደሴ ላይ ከአንድ የመኪና ውድድር አፍቃሪ የገዛት፣ ባለ ሁለት ካርቡሬተር። ብታረጅም ነዳጅ ሲረግጡላት ዛሬም ሚኒባሶቹን ጥላ ትሄዳለች።

ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ከውርጌሳ ወዲያ ባለው መታጠፊያ ላይ ኋላዋ ዞረና የፊት ጎማዎቿ ቦይ ውስጥ ገቡ። ሰው አልተጎዳም፤ በአካባቢው የነበሩ ገበሬዎች ገፍተው አወጡለት። ቤት ሲደርስ ለሚስቱ ለጽጌ፣ "ጥፋቱ የጎማው ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ በዚህ ቀጭን ጎማ እንዴት ይኬዳል?" አላት። ጽጌ ዕድሜዋን ያስተማረች መምህርት ናት፤ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ ታውቅበታለች።

አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ ሰፋፊ ቸርኬዎች ከነጎማቸው ላከለት። አበባው ወልዲያ ወደሚገኘው ጎሚስታ፣ ወደ ናስር ወሰዳቸው። ናስር መኪናዋን በክሪክ አንስቶ አንዱን ገጠመና መሪውን እስከ መጨረሻው አዞረው። ጎማው ከጭቃ መከላከያው፣ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር ተፋጨ።

"ጋሽ አበባው፣ ይሄ ለእርስዎ መኪና አይሆንም" አለ ናስር። "ጠርዙን አጥፌ ቦታ ላስገኝለት እችላለሁ። ግን መሪው ይከብድዎታል፤ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል።"

"ይሄ ተሳቢ ሲያዞር የኖረ ክንድ ነው። እጠፈው!"

ናስር ጠርዙን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ወደ ውስጥ አጠፈው። አበባው ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰና "ልክ ነው" አለ።

ሲመለስ መኪናዋ አስፋልቱን እንደ መዥገር ነክሳ ያዘች። ሲሪንቃ ላይ ወጣቶች ቆመው አዩዋት። አበባው ደስ ብሎት ሰነበተ። የተቸገረችው ጽጌ ናት። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በቅርቡ ነው፤ የሚያለማምዳትም እሱው ነበር። አሁን ግን መርሳ ገበያ አጠገብ ለመዞር መሪውን በሁለት እጇ ብትጎትተው አልነቃነቅ አላት። ወርዳ ቁልፉን ሰጠችው፤ ከዚያ ወዲህም ልንዳ ብላ አልጠየቀችም።

ኅዳር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወልዲያ ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ ጽጌ ድንገት "ጋሪ!" ብላ ጮኸች። አበባው ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ሳትወላገድ ቀጥ አለች። አገዳ የጫነ ጋሪ ከፊታቸው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ባለጋሪው ዞሮ አያቸውና "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

"ጎማው እንዴት እንደያዘልን አየሽ?" አለ አበባው።

"ጎማውስ ያዘ" አለች ጽጌ። "አንተ ግን ጋሪውን አላየኸውም። ውርጌሳም ላይ መታጠፊያውን አላየኸውም።"

ለአበባው መንገዱ ጭጋግ የለበሰ መስሎ ከታየው ከርሟል፤ የመስታወቱ ቆሻሻ ነው እያለ መስታወቱን ሲወለውል ነበር የባጀው። መጀመሪያ ተናደደ፤ ቀጥሎ ግን ሸክም እንዳራገፈ ሰው ቀለል አለው። ወርዶ ቦታውን ለቀቀላት። እሷ መሪውን ስትጎትት፣ እሱ ከጎኗ እጁን ዘርግቶ ሲገፋላት፣ እንደዚያ እየተረዳዱ ወልዲያ ገቡ።

ሐኪሙ ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ እንዳለ ነገረው። ጥር ላይ የአንደኛው ተገፈፈለት። ቀጫጭኖቹ ጎማዎች ተመለሱ፤ ሰፋፊዎቹን አንድ የሐራ ነጋዴ ወሰዳቸው። ፋሻው በተፈታ ሰሞን አበባው መኪናዋን ዞሮ ሲያያት የፓራፋንጎው ጠርዝ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል። ናስር ዘንድ ሄዶ ጮኸበት።

"ወላሂ ጋሽ አበባው፣ ያኔ ልክ ነው ብለውኝ ነበር እኮ" አለ ናስር።

ሁለተኛው ዓይኑ ገና ተራ እየጠበቀ ነው። እስከዚያው መሪው የጽጌ ነው። ማርሽ ስትቀይር ሞተሩ ሲያጓራ አበባው ጥርሱን ነክሶ መስኮት መስኮቱን ያያል እንጂ ትንፍሽ አይልም። አንድ ቀን ተናግሯት ሲሪንቃ ላይ አውርዳው በባጃጅ ተመልሷል።