ዘሙ ሻሿን የፈታች ዕለት

እሁድ ዘሙ ሻሽ ሳታስር በቴሌቪዥን ዘፈነች። ሹሩባው የእኔ ሥራ ነው! እናቴ «ድምፁን ጨምሩት» ትላለች፤ እኔ ድምፁ የት ትዝ ብሎኝ፣ ዓይኔ ከግንባሯ በላይ ተተክሎ ቀረ። ደስታው አላስቀምጥ ስላለኝ ይኸው መጻፍ ጀመርኩ።

ሐይቅ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ካለው የእትዬ ሙሉ ፀጉር ቤት የገባሁት ስምንተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ወለል መጥረግና ፀጉር የሚጠቀለልበትን ቢጎዲን ማጠብ ነበር። ቀጥሎ ፀጉር አጣቢ ሆንኩ። ሹሩባ እንድሠራ የተፈቀደልኝ ገና ዘንድሮ ነው። እትዬ ሙሉ ያኔ «ሳትጎነጉኚ በፊት ፎረፎሩን በማበጠሪያ ፍቂ፣ ከዚያ ቅባት» አሉኝ። ለሁሉም ራስ እንደዚያው አደርግ ነበር።

ዘሙን የማያውቅ የለም። አምባሰልን ስታዜም ከውጫሌ እስከ ደሴ ሰው ሥራውን ያቆማል። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ ታስራለች። እኛ የሐይቅ ልጆች ፋሽን መስሎን እንደሷ እናስር ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት መጣች። ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ፈታች። ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ቀልቷል፤ በላዩ ነጭ ቅርፊት ተነባብሯል። ማበጠሪያውን አንሥቼ እንደተማርኩት ልፍቅ ስል እጄን ያዘችኝ።

«አትፋቂው የኔ እህት። በተፋቀ ቁጥር ይብሳል።»

ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የነበረችው ደንበኛ ጮኸች። «እትዬ ሙሉ! በዚያ ማበጠሪያ እኔን እንዳትነኩኝ፣ ወላሂ!»

«ሶራያሲስ የሚሉት የቆዳ ሕመም ነው» አለች ዘሙ በመስታወቱ እያየቻት። «ሐኪም አይቶታል። አይተላለፍም። ይቀንሳል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ አብሬው እኖራለሁ።» ወደ እትዬ ሙሉ ዞረች። «ለቴሌቪዥን ሊቀርጹኝ ነው። መብራት ስር በሻሽ ስቆም ራሴ ይነዳል። ደሴ የሄድኩበት ፀጉር ቤት ሁሉ መለሰኝ። እናንተም ከመለሳችሁኝ ቀረጻውን እተወዋለሁ።»

«ደንበኞቼ ይሸሹብኛል እኮ፣ ዘሙዬ።»

ዘሙ ሻሿን ከጭኗ ላይ አነሣች።

እትዬ ሙሉ የቅባቱን ክዳን ከፍተው የዘሙን ራስ በባዶ እጃቸው፣ ቀስ ብለው፣ ሰው ሁሉ እያየ ቀቡት። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ምን ተገትረሻል? ሥሪ እንጂ!» አሉኝ።

ደንበኛዋ ቢጎዲኗን ሳትፈታ ወጥታ ባጃጅ ያዘች። ማንም አልሳቀም።

ፀጉሯን በጣቴ ከፈልኩ። ወፍራም ወፍራም አድርጌ፣ ሳልስብ ጎነጎንኩ። «ሲጠብቅብሽ ንገሪኝ» ስላት «አብሽሪ» ትለኛለች፤ እንባዋ ግን ይወርዳል። ስጨርስ መስታወቱን ብዙ አየችው።

«ለካ ግንባር አለኝ» አለች።

ያቺ ደንበኛ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ጓደኞቿም ቀርተዋል። እትዬ ሙሉ ስማቸውን አያነሡም። የተማርኩት ይኼ ነው፦ የታመመ ራስ አይፋቅም፤ በጣት ይከፈላል፣ ላላ ተደርጎ ይጎነጎናል።

እንዲህ ያለ ራስ ይዛችሁ ቤት የተቀመጣችሁ ካላችሁ ኑ። ትምህርቴ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እዚያው አለሁ።